መምሰልና መብላት፤ «ጉንዳን አስመሳይ ሸረሪት» በሚለው ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ሙያዊ ቃል ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው የተሰየመውን ነገር ከሌላው ለይቶ ማመልከት ነው፤ ሁለተኛው ስለዚያው ነገር ሐሰት የሆነ አሳብ በአንባቢው ልቡና እንዳያሳድር መጠንቀቅ ነው። ስያሜዎቻችን ሲመረመሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተሹት በመጀመሪያው ግዴታ ብቻ ነው። ቃሉ አጭር መሆኑ፣ ለጆሮ መስማማቱ፣ ከግእዝ ወይም ከአማርኛ ሥር መውጣቱ ከታየ በኋላ «ይህ ቃል ለሚያነበው ሰው ምን ያስተምረዋል?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ በአንዲት ትንሽ ፍጥረት ስም ላይ አንሥቶ ለመመርመር ይሞክራል። ፍጥረቲቱም መልኳና አካሄዷ ጉንዳን የሚመስለው ሸረሪት ናት።

ጉዳዩ ተራ የቃላት ክርክር አይደለም። ቦንጋ የምትገኝበት የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልሎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ስፋቱም ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በዚሁ ክልል የብዝኀ ሕይወት ዳሰሳ አካሂዷል። ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬሶሎቭስካና ቶማሼቪች የተባሉ የፖላንድ ተመራማሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። እንዲህ ያሉት ሥራዎች የሚጻፉት በውጭ አገር ቋንቋና በላቲን የሳይንስ ስሞች ነው። በቦንጋ ያለው መምህር፣ የደን ጠባቂው፣ ጎብኚ የሚመራው ወጣት፣ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ተማሪ የሆነው ሁሉ ግን ያየውን ለሌላው የሚያስረዳው በአማርኛና በካፊ ኖኖ ነው። ስለሆነም እጁ ላይ የምናኖረው ቃል እውነቱን የሚያደርስ ወይም የሚያጠፋ መሣሪያ ይሆናል።

1. ስለ ፍጥረቲቱ

ስያሜውን ከመንቀፍ በፊት የሚሰየመውን ነገር በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዘላይ ሸረሪቶች አስተኔ ሚርማራክኔ የሚባለው ወገን በአፍሪካና በእስያ ሐሩር አገሮች በሰፊው የተሠራጨ ነው። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1839 ያወጣው ማክሌይ ሲሆን፣ ቃሉ የተገጣጠመው በግሪክ ቋንቋ ጉንዳንንና ሸረሪትን ከሚያመለክቱ ሁለት ቃላት ነው።

ሸረሪት ስምንት እግሮች ሲኖሯት ጉንዳን ያለው ስድስት እግርና ሁለት አንቴና ነው። የሚርማራክኔ ሸረሪት ግን የፊት ሁለት እግሮቿን ወደ ላይ አንሥታ እያወዛወዘች ስለምትሄድ፣ ለሚመለከታት ሁሉ ስድስት እግርና ሁለት አንቴና ያላት ትመስላለች። የፊተኛው የሰውነቷ ክፍል በመካከሉ ሰርጎድ ያለ በመሆኑ ራስና ደረት ተለያይተው የቆሙ ይመስላል። የብዙዎቹ ዝርያዎች ወንዶች መንጋጋቸው ወደ ፊት እጅግ የረዘመ ስለሆነ፣ አንዳች ነገር በአፉ ይዞ የሚጓዝ ጉንዳን መስለው ይታያሉ።

የዚህ መልክ ጥቅም ምን እንደሆነ ከተመረመረ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ሄንሪ ቤትስ የተባለው የእንግሊዝ የተፈጥሮ ተመራማሪ በአማዞን ደን የሰበሰባቸውን ቢራቢሮዎች መሠረት በማድረግ፣ ጠላት የሚመገበው ፍጥረት ጠላት የሚሸሸውን ፍጥረት በመምሰሉ ከመበላት እንደሚድን እ.ኤ.አ. በ1862 አስረዳ። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ጆርጅና ኤልሳቤጥ ፔካም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1889 የሸረሪቶችን ጥበቃ ሰጪ መልክ የሚመለከት ጥናት አወጡ። ጉንዳን ይናከሳል፤ አሲድ ይረጫል፤ አንዱ ሲነካ ብዙዎች ይነሣሉ። ከዚህ የተነሣ ነፍሳት ከሚመገቡ እንስሳት ብዙዎቹ ጉንዳንን አይደፍሩም። ጉንዳን የምትመስለዋም ሸረሪት በዚሁ ፍርሃት ጥላ ሥር ትኖራለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የሚያስፈልገው ዋና ነገር አለ። የሚርማራክኔ ሸረሪቶች በአብዛኛው ጉንዳን አይበሉም። ምግባቸው ሌሎች ትናንሽ ነፍሳት ናቸው፤ ከእውነተኛ ጉንዳን ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙም ብዙውን ጊዜ ፈቀቅ ይላሉ። ከአገራችን ብዙም በማይርቀው በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የምትኖረውና እ.ኤ.አ. በ2002 ስም የተሰጣት ሚርማራክኔ ሜላኖታርሳ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ታወሳስበዋለች። እርሷ በጉንዳኖች አጠገብ በቡድን እየኖረች ወደ ሌሎች ዘላይ ሸረሪቶች ጎጆ ትገባለች፤ የጎጆው ባለቤቶች ጉንዳን የመጣ መስሏቸው ሲርቁ እንቁላላቸውንና ግልገሎቻቸውን ትበላለች። ጉንዳን መስላ የምትበላው ሸረሪትን እንጂ ጉንዳንን አይደለም።

በሌላ ወገን ጉንዳን የሚበሉ ሸረሪቶች አሉ። ከእነዚህ የዞዳሪዮን ወገን ይጠቀሳል። የዚህ ወገን ሸረሪት ጉንዳኑን ነክሳ ወዲያው ታፈገፍጋለች፤ መርዙ እስኪያሽመደምደው ድረስ ከሩቅ ቆይታ ተመልሳ ትወስደዋለች። ጉንዳኖችን በመልክ ከመምሰል ይልቅ ጉንዳኖችን በሽታ የምትመስል ሸረሪትም አለች። ኮስሞፋሲስ ቢቴኒያታ የተባለችው የአውስትራልያ ዘላይ ሸረሪት ገላዋ ላይ ያለው ቅባት ከጉንዳኖቹ ቅባት ጋር ስለሚመሳሰል ከጎጆአቸው ገብታ እጮቻቸውን እንደምትበላ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ሁለቱን ጠባይ አስተባብራ የያዘችው፣ ጉንዳን የምትመስልም ጉንዳን የምትበላም ሸረሪት በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው አፋንቶኪሉስ ሮጀርሲ ናት። እርሷ የገደለችውን ጉንዳን እንደ ጋሻ አንግታ በጓደኞቹ መካከል ታልፋለች።

እንግዲህ መምሰል አንድ ነገር ነው፤ መብላት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በአንዲት ዝርያ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አያስከትልም። ስያሜዎቻችን መመዘን ያለባቸው በዚህ ልዩነት ነው።

2. ስለ «አስመሳይ»

ለተርጓሚ ብዕር ቀድሞ የሚመጣው ቃል «ጉንዳን አስመሳይ ሸረሪት» የሚለው ነው። በሰዋስው ረገድ ቃሉ ጉድለት የለበትም፤ «አስመሰለ» ከሚለው ግስ በሥርዓቱ የወጣ ቅጽል ነው። ችግሩ ያለው በኑሮው ነው። በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ «አስመሳይ» ማለት ልቡ ሌላ፣ ፊቱ ሌላ የሆነ ሰው ማለት ነው። ቃሉ ስድብ ነው። አስመሳይ የሚባለው ሰው እውነቱን እያወቀ የሚደብቅና በሌላው ላይ የሚያሴር ነው። ይህን ቃል ለሸረሪት ስንሰጥ አሳብና ተንኰል እንሰጣታለን።

ሸረሪቷ ግን አታስመስልም፤ ትመስላለች። ቅርጿ የተገኘው ይበልጥ ጉንዳን የሚመስሉት ከመበላት እየዳኑ፣ እምብዛም የማይመስሉት እየተበሉ በትውልድ ብዛት በተካሄደ የተፈጥሮ ምርጫ ነው። በዚህ ሂደት ውስጥ ያሰበ የለም። «አስመሳይ» የሚለውን ቃል በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ግን የሥነ ሕይወትን ዋና ትምህርት ተገልብጦ ይማረዋል። እንስሳው አውቆና አቅዶ መልኩን እንደ ለወጠ አድርጎ ይረዳዋል። መምህሩ በአንድ ሰዓት ትምህርት የሚያፈርሰውን ስሕተት ቃሉ በየቀኑ መልሶ ይሠራዋል።

«ጉንዳን መሳይ» ቢባልስ? ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ የድርጊት ክስ የለበትምና። ሆኖም «ሰው መሳይ በሸንጎ» የሚለው አነጋገር እንደሚያሳየን «መሳይ» የሚለውም ቃል ከንቀት ፈጽሞ የጠራ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ገለልተኛ ሆኖ የሚገኘው «መሰል» ነው። «ፈሳሽ መሰል»፣ «ዱቄት መሰል» እያልን በሙያ ጽሑፍ ስንጠቀምበት ማንንም አንከስም፤ መልኩን ብቻ እንናገራለን። ስለዚህ ለመልኳ «ጉንዳን መሰል ሸረሪት» የሚለው ስያሜ ተመራጭ ሆኖ ይታያል።

3. ስለ «አዳኝ» እና «በል»

የምግቧን ነገር ለመግለጽ «ጉንዳን አዳኝ ሸረሪት» የሚል አሳብ ቢቀርብ፣ ቃሉ ሲነገር የማይታይ ችግር ሲጻፍ ይወጣል። «አዳኝ» የሚለው ቃል «ዳ» ጠብቆ ሲነበብ አራዊትን የሚያድነውን ያመለክታል፤ ላልቶ ሲነበብ ግን ከጥፋት የሚያድነውን ያመለክታል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ ስለማይጽፍ «ጉንዳን አዳኝ» የሚለው ሐረግ የጉንዳን ገዳይም የጉንዳን ታዳጊም ሊሆን ይችላል። በንግግር ጉዳት የሌለው ቃል በመዝገበ ቃላት ላይ ሲሰፍር ትርጉሙ ተገልብጦ ከተገኘ ለሙያ አገልግሎት ብቁ ነው ሊባል አይችልም።

«በል» የሚለው ክፍል ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። «ሥጋ በል»፣ «ሣር በል» የሚሉት ቃላት በትምህርት ቤት ከተለመዱ ቆይተዋል፤ ተማሪው ዘይቤውን ያውቀዋል። ስለዚህ «ጉንዳን በል ሸረሪት» ማለት ለዞዳሪዮንና ለመሰሎቿ ተገቢ ነው። ይህንኑ ስም ለሚርማራክኔ መስጠት ግን ጾመኛን ሥጋ በል ከማለት አይለይም።

4. ስለ አገናዛቢና ስለ ግእዝ ጥምረት

ከሁለቱ ወጥቶ «የጉንዳን ሸረሪት» በማለት ነገሩን ለማሳጠር የሚፈልግ ይኖራል። ይህ መንገድ በእንግሊዝኛም ተሞክሮ አልተሳካም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የጉንዳን ሸረሪቶች» እያሉ የሚጠሩት የዞዳሪዮንን አስተኔ ነው፤ ማክሌይ በግሪክ ቃላት ይህንኑ የመሰለ ስም የሰጠው ግን ለሌላ አስተኔ ወገን ነው። አንዱ ስም ሁለት ባለቤት አገኘ። በአማርኛም «የ» ዝምድና መኖሩን ይናገራል እንጂ ዝምድናው ምን እንደሆነ አይናገርም። የጉንዳን ሸረሪት ጉንዳን የምትመስል ናት? ጉንዳን የምትበላ ናት? ወይስ ከጉንዳን ጋር የምትኖር?

ከግእዝ ለመውሰድ የሚሻም አለ። ሸረሪት በግእዝ «ሳሬት» ትባላለች፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ በ89ኛው መዝሙር ያገኛታል። ጉንዳን ደግሞ «ቃሕም» ይባላል። ሁለቱን አናብቦ «ሳሬተ ቃሕም» ማለት ይቻላል፤ ድምፁም ክብር አለው። ነገር ግን የግእዙ ማናበብ ያው የአማርኛው «የ» ነው፤ ስለ መልክ ወይም ስለ ምግብ የሚለየው ነገር የለም። በዚያ ላይ የአማርኛው ቃል ግልጽ ሆኖ ሳለ በግእዝ መሸፈን ድርብ ችግር ያመጣል። ግእዝ የማያውቀው ተማሪ ቃሉን አይረዳውም፤ የሚያውቀውም ተረድቶት ሲያበቃ ከነጥርጣሬው ይቀራል። ከግእዝ መበደር የሚገባን አማርኛው ያልደረሰበትን ለመሙላት እንጂ ያልጠራ አሳብን ለማክበር መሆን የለበትም።

5. የትኛው ጉንዳን?

እስከ አሁን «ጉንዳን» የሚለውን ቃል እንደ ታወቀ ነገር ወስደን መጥተናል። እርሱም ራሱ መመርመር አለበት። በዕለታዊ አማርኛ ጉንዳን ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ትልቁ፣ የሚናከሰው፣ በሰልፍ የሚተመው ነው። በየቤቱ ስኳርና ማር የሚወረው ደቃቁ «ቁጫጭ» ይባላል። «ገብረ ጉንዳን» የሚለው የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ከምሳሌ ምዕራፍ 6 የሚያውቁት ነው። «ምስጥ» አፈር እየቆለለ ኩይሳ የሚሠራው ነው፤ ክንፍ አውጥቶ ከዝናብ በኋላ ሲወጣ ደግሞ «አሸን» ይሆናል።

የሥነ ሕይወት አመዳደብ ከዚህ ይለያል። ጉንዳንና ቁጫጭ የአንድ አስተኔ አባሎች ናቸው፤ የቅርብ ዘመዶቻቸውም ንብና ተርብ ናቸው። ምስጥ ግን ለጉንዳን ባዕድ ነው፤ የሚዛመደው ከበረሮ ጋር ነው። ጉንዳን መሰል ሸረሪቶች ደግሞ የሚመስሉት አንድ ዓይነት ጉንዳን ብቻ አይደለም፤ አንዷ ጥቁሩን፣ ሌላዋ ቀዩን፣ አንዷ ረጅሙን፣ ሌላዋ ደቃቁን ትመስላለች። በካፋ ደን ውስጥ በመንገድ ላይ የሚተመውን የጉንዳን ሰልፍ ዘሎ የሚያልፍ ሰው፣ ቅጠል ላይ የምትሄደዋን ቀጭን ሸረሪት አሳይተው «ጉንዳን ትመስላለች» ቢሉት «ይህች የምትመስለው ቁጫጭ ነው» ብሎ ቢመልስ ስሕተቱ የእርሱ አይደለም። ቃሉን ሳንወስን የሰጠነው እኛ ነን።

ይህን ስንል ነባሮቹን መዛግብተ ቃላት ለመንቀፍ አይደለም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም.)፣ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ሥራዎች የተሰናዱት የቋንቋውን ሀብት ለመሰብሰብና ለመፍታት እንጂ እንስሳትን በአስተኔ ለመመደብ አይደለም። የሙያ ቃላት ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ግን ኃላፊነቱ ሌላ ነው። አጠቃላዩን ቃል መርጦ ስፋቱን መወሰን አለበት። በዚህ ረገድ «ጉንዳን» ለአስተኔው ሁሉ አጠቃላይ ቃል ሆኖ ቢወሰድና ቁጫጭን እንደሚጠቀልል፣ ምስጥን እንደማይጨምር በፍችው ውስጥ በግልጽ ቢነገር ይሻላል።

ስለ «ሸረሪት»ም አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ሸረሪትን የሚያውቃት በድሯ ነው፤ ስለዚህም ፍችዋን ከድር ጋር ማያያዝ ይቀናል። ዘላይ ሸረሪቶች ግን ለማጥመጃ የሚሆን ድር አይዘረጉም፤ በዓይናቸው አይተው፣ አድብተው፣ ዘለው ይይዛሉ። ከሰውነታቸው የሚወጣውን ክር የሚጠቀሙበት ለመንጠልጠያና ለጎጆ ነው። ፍችው «ድር የምትዘረጋ» በሚለው ላይ ብቻ ከቆመ፣ የምንነጋገርባት ፍጥረት ከመልኳ የተነሣ ጉንዳን ስትባል ከፍችው የተነሣ ደግሞ ከሸረሪትነት ትወጣለች። ስምንት እግርና ክር ማውጣት የፍችው መሠረት ቢሆኑ ይህ አደጋ ይወገዳል።

6. የካፊ ኖኖ ድርሻ

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሲባል፣ የስሙ ለውጥ የሥራ ለውጥም ይዞ ነበር። የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ የጥናት ባለቤት መሆናቸውን የሚያመለክት ነው። ይሁንና በቃላት አወጣጥ ረገድ የምንሄደው አሁንም ከአማርኛ ወደ ግእዝ፣ ከግእዝም ወደ ውጭ ቋንቋ ነው። ፍጥረቱ በሚኖርበት አገር የሚነገረው ቋንቋ የሚጠየቀው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይጠየቅም።

ካፊ ኖኖ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች የሚመደብ የደን አገር ሕዝብ ቋንቋ ነው። በካፋ ማር የሚቆርጥ ሰው ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ጉንዳን ደግሞ የቀፎ ጠላት ነው። በዚህ ሥራ የኖረ ሰው የትኛው ጉንዳን ንብን እንደሚያባርር፣ የትኛው ዛፍ ላይ ብቻ እንደሚኖር ሊነግረን የሚችል ባለሙያ ነው። የሚሰበሰበው ቃል ለካፊ ኖኖ መማሪያ መጻሕፍት ያገለግላል፤ ለአማርኛውም ልዩነቱን ያሳየዋል።

በጥያቄው አቀራረብ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተናጋሪውን «ጉንዳን የምታስመስለዋ ሸረሪት በቋንቋችሁ ምን ትባላለች?» ብሎ መጠየቅ የራሳችንን ሐረግ አስተርጉሞ መመለስ ነው። ትክክለኛው መንገድ ፍጥረቲቱን በአካል ወይም በሥዕል አሳይቶ «ይህች ምንድን ናት? ምን ትበላለች? ከማን ጋር ትታያለች?» ማለት ነው። መልሱ «ጉንዳን ናት» የሚል ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ቢሆን መመዝገብ አለበት። የአካባቢው ሰው ከጉንዳን ካልለያት መልኳ የሰውንም ዓይን እንደሚያሳስት ማስረጃ ነው፤ ከለያት ደግሞ በምን እንደ ለያት የሚያስረዳው ቃል ለፍችው ዋና መነሻ ይሆናል።

7. የቀረበው አሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች «ጉንዳን አስመሳይ ሸረሪት»፣ «ጉንዳን አዳኝ ሸረሪት»፣ «የጉንዳን ሸረሪት» እና «ሳሬተ ቃሕም» የሚሉት ለሙያ ቃልነት ባይወሰዱ ይሻላል። በምትካቸው የሚከተሉት ለውይይት ቀርበዋል።

ጉንዳን፦ ከንብና ከተርብ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ የሚመደብ፣ ስድስት እግርና የታጠፈ አንቴና ያለው፣ በኅብረት የሚኖር የነፍሳት አስተኔ፤ በተለምዶ ቁጫጭ የሚባሉትን ይጠቀልላል፤ ምስጥን አይጨምርም።

ጉንዳን መሰል ሸረሪት፦ በቅርጿ፣ በቀለሟ ወይም በአካሄዷ ጉንዳን የምትመስል ሸረሪት፤ ስለ ምግቧ የሚናገረው የለም።

ጉንዳን በል ሸረሪት፦ ዋና ምግቧ ጉንዳን የሆነ ሸረሪት፤ ስለ መልኳ የሚናገረው የለም።

መስሎ መከላከል፦ አንድ ፍጥረት ጠላቱ የሚሸሸውን ሌላ ፍጥረት በመምሰሉ ከመበላት የሚድንበት የተፈጥሮ ሁኔታ።

መስሎ ማጥቃት፦ አንድ ፍጥረት ሌላውን በመምሰሉ የሚበላውን የሚያገኝበት የተፈጥሮ ሁኔታ።

ሁለቱ ጠባዮች የተገናኙባት እንደ አፋንቶኪሉስ ያለች ሸረሪት ስትጠቀስ ሁለቱን ስሞች አከታትሎ «ጉንዳን መሰል፣ ጉንዳን በል ሸረሪት» ማለት ይቻላል። ስሙ ይረዝማል፤ ርዝመቱ ግን የመጣው ነገሩ ሁለት ስለሆነ ነው። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት «መስሎ መዳን» እና «መስሎ ማደን» የሚለው ጥንድ አጭርና ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ በጽሑፍ አንዱ ለሌላው በቀላሉ ስለሚሳሳትና በ«አዳኝ» ላይ ያየነውን ችግር መልሶ ስለሚያመጣ አልተመረጠም።

ስለ «መስሎ መከላከል» የሚነሣ ተቃውሞ ይኖራል፤ «መከላከል»ም እንደ «ማስመሰል» አሳብን ያመለክታል የሚል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም ቆዳ ሰውነትን ይከላከላል፣ እሾህ ቁጥቋጦን ይከላከላል ስንል ማንም ለቆዳና ለእሾህ አሳብ አይሰጥም፤ «አስመሳይ እሾህ» የሚል ግን የለም። የሁለቱ ቃላት ልዩነት በዚህ ይታወቃል።

እነዚህ ስያሜዎች በዝርዝር መዝገብ ከመግባታቸው በፊት በቦንጋና በአካባቢዋ ካሉ የሥነ ሕይወት መምህራን፣ ከደን ጠባቂዎችና ከማር ቆራጮች ዘንድ ቀርበው ቢፈተኑ መልካም ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ቃሉን ብቻ የሰማ ሰው ስለ ሸረሪቷ ምግብ ሲጠየቅ «ስሟ ይህን አልነገረኝም» ብሎ ከመለሰ «ጉንዳን መሰል» የሚለው ቃል ሥራውን ሠርቷል።